ሊኑክስን ከሌላ ዲስክ ስለ ማስነሣት

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንዲት የታሪክ ትምህርት ጓደኛችን ላፕቶፕዋን ታቅፋ ወደምናጠናበት ክፍል መጣች። «እስቲ ይህን ስሙልኝ» አለችን። ጆሯችንን ብናስጠጋ ከውስጡ ቀጭ፥ ቀጭ፥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሀርድ ዲስክ እንዲህ ማለት ከጀመረ ዕድሜው በሳምንት ወይም በቀን እንጂ በዓመት እንደማይቆጠር የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። የጽሑፏ አራት ምዕራፎች፣ ሽማግሌዎችን ያነጋገረችበት የድምፅ ቅጂ፣ ከአሮጌ መዛግብት በስልኳ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች ሁሉ እዚያው ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቅጂ አላት ወይ ብለን ብንጠይቃት ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ያደረግነውን፣ ይልቁንም ያጠፋነውን፣ በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ለማካፈል እንወዳለን። ጉዳዩ የእርሷ ብቻ አይደለምና። ከመካከላችን ብዙዎቹ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛሉ፤ ዊንዶውስ ሲከብደው ሊኑክስ ይጭኑበታል፤ ዲስኩ ሲያረጅ ደግሞ ኤስኤስዲ ይለውጡለታል። ፋይል መገልበጡ ማንንም አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው ኮምፒዩተሩ በአዲሱ ዲስክ ልነሣ አልችልም ብሎ ጥቁር መስኮት ላይ ሲቆም ነው፤ ከዚያም የባሰ አለ፥ እርሱም የተነሣ መስሎ ሳይነሣ ሲቀር ነው። እኛን ያገኘን ይህ ሁለተኛው ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ስትመቱአቸው ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ መሆኑን አትርሱ።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ እንግዳ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት ሲፈልግ የሚሆነውን እናስታውስ። ከታክሲ እንደወረደ የጠየቀው ሊስትሮ «እስከ ወፍጮ ቤቱ ሂድና እዚያ ጠይቅ» ይለዋል፤ ባለወፍጮው ወደ ሱቁ ይልከዋል፤ ባለሱቁ በሩን ያሳየዋል። ሊስትሮው ቤቱን ፈጽሞ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ወፍጮ ቤቱን ነው። ኮምፒዩተርም እንደዚሁ አራት ጠቋሚዎች አሉት፤ እያንዳንዱም የሚያውቀው ቀጣዩን ብቻ ነው። ዲስክ በተለወጠ ጊዜ ከአራቱ አንዱ የድሮውን አድራሻ ይዞ ይቀራል። ሥራው ሁሉ እርሱን ፈልጎ ማግኘት ነው።

የመጀመሪያው ጠቋሚ በዲስኩ ላይ አይደለም፤ በዋናው ሰሌዳ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የሚኖር ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም ነው። የቀድሞው ዓይነት ባዮስ ይባላል። ባዮስ ስለ ሊኑክስም ሆነ ስለ ዊንዶውስ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የዲስኩን የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች አንብቦ «እንግዲህ አንተ ቀጥል» ብሎ ይለቃል። ከነዚህ ውስጥ 446ቱ ለፕሮግራም፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ለሚናገር ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ደግሞ ማኅተም ለመሰለ ምልክት የተመደቡ ናቸው። ሠንጠረዡ ከአራት መስመር በላይ አይይዝም። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ ሲሆን፣ በነዚህ 446 ባይቶች ውስጥ ምን ያህል ነገር ሊገባ እንደሚችል ለመገመት ያህል፣ አሁን የምታነቡት አንቀጽ ብቻውን በዩኒኮድ ቢቀመጥ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ እዚያ የሚቀመጠው ፕሮግራም ቀጣዩን ክፍሉን ከመጥራት በቀር ሌላ ነገር የሚችል አይደለም።

አዲሱ ዓይነት ፈርምዌር ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ ባለፉት አሥር ዓመታት የተሠሩ ላፕቶፖች ሁሉ ለማለት ይቻላል ይህን የያዙ ናቸው። እርሱ ከባዮስ ይልቅ የተማረ ነው። ፋት የሚባለውን የፋይል አደራደር ማንበብ ይችላል፤ በዲስኩ ላይ ለእርሱ ተብላ ከተለየች ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ፋይል በስሙ ፈልጎ ያስኬዳል። የትኛውን ዲስክ፣ የትኛውን ፓርቲሽን፣ የትኛውን ፋይል እንደሚከፍትም መብራት ቢጠፋ በማይረሳ ማስታወሻው ላይ ጽፎ ይይዛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማስታወሻው ያለው በኮምፒዩተሩ እንጂ በዲስኩ ላይ አይደለም። ዲስኩን ነቅላችሁ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ብትወስዱት ማስታወሻው አብሮ አይሄድም።

ሁለተኛው ጠቋሚ ግራብ የሚባለው ቡትሎደር ነው። ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ሥራ ነው። ከእርሱ በፊት በሊኑክስ ዘንድ ሲሠራበት የኖረው ሊሎ ከርነሉ በዲስኩ ላይ የተቀመጠበትን ስፍራ በቁጥር መዝግቦ ይይዝ ነበር፤ ከርነሉ ተለውጦ ሊሎን እንደገና ማስኬድ የረሳ ሰው በማግሥቱ ባዶ መስኮት ያያል። ግራብ ግን የፋይል ሥርዓቱን ራሱ እያነበበ ፋይሉን በስሙ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጠቋሚ ከርነሉና አብራው የምትጫነው ኢኒትራምኤፍኤስ የምትባለው ጊዜያዊት ሥርዓት ናቸው። ይህችኛዋ ዋናው ዲስክ እስኪገኝ ድረስ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ይዛ በማስታወሻ ላይ ብቻ ትኖራለች፤ ዲስኩ ሲገኝ ቦታዋን ለቅቃ ትሄዳለች። አራተኛው ኤፍኤስታብ የሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የትኛው ፓርቲሽን የት ቦታ እንደሚከፈት በመስመር በመስመር ይዘረዝራል።

አሁን ወደ አድራሻው እንምጣ። ሊኑክስ ዲስኮችን ባገኛቸው ተራ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እያለ ይጠራቸዋል። ይህ «ከወፍጮ ቤቱ ሦስተኛው በር» እንደማለት ነው፤ በመካከል አንድ ቤት ቢሠራ ሦስተኛው በር የሌላ ሰው ይሆናል። ፍላሽ ሰክታችሁ ብትነሡ ትናንት ኤስዲኤ የነበረው ዛሬ ኤስዲቢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ግራብም፣ ከርነሉም፣ ኤፍኤስታብም ዲስኩን በተራው ሳይሆን በስሙ እንዲፈልጉት ተደረገ። ስሙ ዩዩአይዲ ይባላል፤ ፓርቲሽኑ ሲዘጋጅ በዕጣ የሚወጣ የ128 ቢት ቁጥር ስለሆነ ሁለት ፓርቲሽኖች በአጋጣሚ አንድ ስም ይይዛሉ ተብሎ አይፈራም። በአጋጣሚ፣ አልን። ሰው ሆን ብሎ ካደረገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

ገንዘብ አዋጥተን 500 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ገዛን፤ የአሮጌው ዲስክ ልክም 500 ነበር። የዲቪዲ ማጫወቻው ወጥቶ በምትኩ ሁለተኛ ዲስክ በሚያስገባ ማቀፊያ አዲሱን ከተትነው። ከዚያም ከኡቡንቱ ፍላሽ ተነሥተን ዲዲ በሚባለው ትእዛዝ አሮጌውን ባይት በባይት ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመርን። ዲዲ «ከየት» እና «ወዴት» ብሎ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ሁለቱን ያዘዋወረበት ሰው ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለብጣል፤ ዲዲም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ይፈጽምለታል። እኛ በዚህ በኩል እንኳ ሦስት ሆነን እያነበብን ነው የመታነው።

ዲስክ በሴኮንድ 80 ሜጋባይት ቢያነብ 500 ጊጋባይት ለማንበብ ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ የታመመ ዲስክ ደግሞ ከዚያም ያዘግማል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው እንደገና ሆነ። በኋላ የተረዳነው ለእንዲህ ያለ ዲስክ ዲዲ ሳይሆን ዲዲሬስኪው የሚባለው የተሻለ መሆኑን ነው። እርሱ እስከ የት እንደደረሰ በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል፤ መብራት ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የማይነበብ ስፍራ ሲያጋጥመውም ለጊዜው አልፎት ደኅናውን በቅድሚያ ያድናል። ካርታው ግን በሌላ ፍላሽ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከፍላሽ በተነሣው ኡቡንቱ ውስጥ ከተዋችሁት አብሮ ይጠፋል።

በማግሥቱ ግልበጣው አለቀ። በፈርምዌሩ ማዘዣ ላይ አዲሱን ዲስክ ቀዳሚ አድርገን አስነሣነው፤ ተነሣ። አጨበጨብን። አሮጌው ለጊዜው ባለበት ይቀመጥ ተባለ። ጓደኛችንም ሁለት ቀን ሙሉ በዚያው ላይ ስትጽፍ ቆየች። «ድምፁ እኮ አሁንም አለ» ብትለን «አሮጌው በባዶው እየተሽከረከረ ነው፣ አትጨነቂ» ብለን አረጋጋናት። ይህን ስንጽፍ እስካሁን ያፍረናል።

በሦስተኛው ቀን አሮጌውን ዲስክ ነቀልነው። ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ችግር ተነሣ። ጽሑፏን ስትከፍተው ግን የሁለት ቀን ሥራዋ የለም፤ 11 ገጽ።

ምን ሆነ? ዲዲ ባይት በባይት ሲገለብጥ ስሙንም ገልብጦታል። ሁለቱም ፓርቲሽኖች አንድ ዩዩአይዲ ያዙ፤ ስሙም የአባቱም ስም የአያቱም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰው በአንድ ሰፈር እንደማለት ነው። ግራብ ለከርነሉ «እንዲህ የሚባለውን ፈልግ» ብሎ አስረከበው፤ ከርነሉም ያንን ስም ከያዙት አንዱን አገኘና ከፈተ፤ የከፈተውም አሮጌውን ነበር። አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም፤ ከሥርዓቱ አንጻር ስሕተት የሚባል ነገር አልተፈጠረምና። አሮጌው ከተነቀለ በኋላ በዚያ ስም የሚጠራው አዲሱ ብቻ ስለሆነ እርሱ ተከፈተ፤ በውስጡም የነበረው ግልበጣው ባለቀበት ሰዓት የነበረው ጽሑፍ ነው።

ይህን በአንድ ትእዛዝ ልናውቀው እንችል ነበር። ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ ብላችሁ ስትመቱ ዲስኮቹና ፓርቲሽኖቹ ይዘረዘራሉ፤ በስተቀኝ ብቻውን የቆመ ስላሽ የሚታይበት መስመር አሁን የምትሠሩበት ነው። እኛ ይህን አይተነው ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ዲስኮች 465.8ጂ ተብለው ስለሚታዩ አንዱን ከሌላው አልለየናቸውም። (ፋብሪካው ጊጋባይትን በአንድ ቢሊዮን ይቆጥራል፤ ትእዛዙ በ1,073,741,824 ይቆጥራል፤ 500ው 465.8 የሚሆነው ስለዚህ ነው እንጂ ሻጩ አልሰረቀንም።) ሰረዝና ትንሿን ኦ፣ ቀጥሎም የመደመር ምልክት ያስቀደመ ሞዴል የሚል ቃል በትልልቁ ብንጨምርበት የየዲስኩን የፋብሪካ ስም ያሳየን ነበር።

አሮጌውን ዲስክ መልሰን ሰክተን ከፍላሽ ተነሣን። በመጀመሪያው ጊዜ ፈርምዌሩ ጭራሽ አላየውም። አጥፍተን ጥቂት አቆይተን ብናበራው ታየ። ለንባብ ብቻ ከፈትነው፤ ሌላ ነገር ሳንነካ አንዷን ፋይል ወደ ፍላሹ ገለበጥን፤ ከዚያ በኋላ ነው የተነፈስነው። ዲስኩ በዚያው ምሽት ዝም አለ፤ ከዚያም ወዲህ አልተናገረም።

እንግዲህ ዲስክ ባይት በባይት የገለበጠ ሰው ከሁሉ የሚቀለው መንገድ አዲሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሣቱ በፊት አሮጌውን መንቀል ነው። ሁለቱን በአንድነት ማኖር የሚፈልግ ግን የአንዱን ስም መለወጥ አለበት። እኛም አሠራሩን ለመማር ስንል ለውጠነዋል። ፓርቲሽኑ ተዘግቶ ሳለ፣ ከፍላሽ ተነሥተን፣ በመጀመሪያ ኢ-ቱ-ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ በሚለው ትእዛዝ አስመረመርነው፤ ቀጥሎ ቲዩን-ቱ-ኤፍ-ኤስ በሚለው፣ ሰረዝና ትልቁን ዩ አስከትለን፣ ራንደም የሚል ቃል ጨምረን አዲስ ስም በዕጣ አወጣንለት። ይህ ኤክስት-ፎር ለሚባለው የፋይል ሥርዓት ነው፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ እንደ ልማድ የሚጠቀሙበት እርሱን ነው።

ስሙ ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ መነሣት እንደሚያቆም ግልጽ ነው፤ ጠቋሚዎቹ ሁሉ የሚያውቁት የድሮውን ስም ነውና። ጥቁር መስኮት ላይ ግራብ የሚል ቃል ብቻ ቆሞ ጠበቀን። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ወደ መጫን ይሄዳል። ነገር ግን የቆመበት ቦታ ራሱ የትኛው ጠቋሚ እንደጠፋበት ይናገራል። የሚነሣ ዲስክ አልተገኘም ብሎ ፈርምዌሩ ከጮኸ ገና ከሊስትሮው አልተላቀቃችሁም፤ ወይ ማስታወሻው ላይ ዲስኩ አልተጻፈም፣ ወይ በዲስኩ ላይ ቡትሎደር የለም። ግራብ ወይም ግራብ ሬስኪው የሚል መስመር ከመጣ ግራብ ተነሥቷል፤ የራሱን ፋይሎች ወይም መመሪያውን ግን አላገኘም። ጥቂት ጽሑፍ ተንጠባጥቦ ይህ ዩዩአይዲ የለም ካለና በቅንፍ ውስጥ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ቃል ላይ ከቆመ፣ ከርነሉ ሠርቷል፤ ዋናውን ዲስክ ግን ወይ በስሙ አላወቀውም፣ ወይ ድራይቨሩ የለውም። 1 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ እየቆጠረ ጠብቆ ኢመርጀንሲ ሞድ ወደሚባለው ከገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በኤፍኤስታብ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው።

መጠገኛው ለሁሉም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ከፍላሽ ተነሥታችሁ ወደ አዲሱ ዲስክ ውስጥ መግባትና ከውስጥ ሆናችሁ ጠቋሚዎቹን አዲሱን አድራሻ ማስተማር ነው። በመጀመሪያ ፍላሹ ራሱ ሊኑክሱ በተጫነበት ዓይነት መነሣት አለበት፤ በዩኢኤፍአይ የተጫነውን በባዮስ ዓይነት ከተነሣ ፍላሽ ልታስተካክሉት ብትሞክሩ በከንቱ ትደክማላችሁ። ስላሽ ሲስ፣ ስላሽ ፈርምዌር፣ ስላሽ ኢኤፍአይ የሚባል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ተነሥታችኋል ማለት ነው። ከዚያ የአዲሱን ዲስክ ዋና ፓርቲሽን ስላሽ ኤምኤንቲ ላይ ማውንት ታደርጋላችሁ፤ ያችን ትንሿን የፋት ፓርቲሽን ደግሞ በውስጡ ባለው ቡት፣ ስላሽ ኢኤፍአይ በሚለው ስፍራ ላይ። ዴቭ፣ ፕሮክ፣ ሲስና ራን የሚባሉትንም አራት ፎልደሮች ማውንት በሚለው ትእዛዝ፣ ሁለት ሰረዝ ባይንድ ብላችሁ ወደ ውስጥ ታጋባላችሁ። ሲ-ኤች-ሩት ብላችሁ ስትገቡ ከዚያ በኋላ የምትመቱት ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጸመው በአዲሱ ዲስክ ውስጥ ነው።

እዚያ ውስጥ ቢ-ኤል-ኬ-አይ-ዲ ስትሉ የእያንዳንዱ ፓርቲሽን ትክክለኛ ስም ይወጣል። ኤፍኤስታብን ከፍታችሁ የድሮውን በአዲሱ ተኩ፤ በዐይን እያያችሁ አትጻፉት፣ ገልብጣችሁ ለጥፉት፤ አንዲት ፊደል ብትሳሳት እንደገና እዚያው ናችሁ። ቀጥሎ ግራብ-ኢንስቶል። በዩኢኤፍአይ ከሆነ የዲስክ ስም አይጠይቅም፤ በባዮስ ከሆነ ግን የሙሉውን ዲስክ ስም ስጡት እንጂ የፓርቲሽኑን አይደለም፤ ኤስዲኤ ይባላል እንጂ ኤስዲኤ አንድ አይባልም። ከዚያ አፕዴት-ግራብ፤ መመሪያውን በአዲሱ ስም እንደገና ይጽፈዋል። በመጨረሻ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ፣ ሰረዝ ዩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ድራይቨሮችን በብዛት ስለሚያካትቱ ቢዘለልም ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ፌዶራን የመሰሉት ግን በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጠው ስለሚይዙ፣ ዲስኩ ከአንድ ዓይነት መሰኪያ ወደ ሌላ ሲዛወር ይህች ሥርዓት እንደገና ካልተሠራች ሊቆሙ ይችላሉ።

ዲስኩን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የምትወስዱ ከሆነ በግራብ-ኢንስቶል ላይ ሁለት ሰረዝ ሪሙቨብል የሚል ጨምሩ። ማስታወሻ የሌለው ዩኢኤፍአይ በፋት ፓርቲሽኗ ውስጥ በተለመደ ቦታና በተለመደ ስም የተቀመጠ ፋይል አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል፤ ይህች ቃል ግራብን እዚያ ታስቀምጠዋለች።

አንድ ነገር እናክል። በጣም ያረጁ ዴስክቶፖች ላይ አዲሱን ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ዲስክ በአስማሚ ካርድ የሰኩ ጓደኞች፣ ሊኑክስ እያየው ፈርምዌሩ ግን አላየሁም ይላል ብለው ጠይቀውን ነበር። ገንዘባቸው አልጠፋም። ፈርምዌሩ ማየት ያለበት ግራብንና ከርነሉን ብቻ ነው። ቡት የሚባለውን ፎልደር በትንሽ ፍላሽ ወይም በአሮጌ ዲስክ ላይ ማድረግ፣ የቀረውን ሁሉ በኤንቪኤምኢው ላይ መተው ይቻላል፤ ግራብና ከርነሉ ከፍላሹ ይነሣሉ፣ ከርነሉ የራሱ ድራይቨር ስላለው ቀሪውን መንገድ ይጨርሰዋል። ፍላሹ ግን ሁልጊዜ ተሰክቶ መኖር አለበት፤ ፊልም ልገልብጥበት ብሎ የሚያጠፋው የዶርም ጓደኛ ያለው ሰው ይጠንቀቅ።

የጓደኛችን ላፕቶፕ ሲ-ኤች-ሩት ገብተን ከወጣን በኋላ በመጀመሪያው ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አላጨበጨበም። ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ ብላ የመታችው እርሷ ራሷ ናት፤ ሞዴሉን አነበበች፣ ስላሿ የትኛው መስመር ላይ እንዳለች በጣቷ አሳየችን፣ ከዚያ የጠፉትን 11 ገጾች ከፍላሹ መለሰች። ጽሑፏን በቀኑ አስረከበች።

የኡቡንቱው ፍላሽ ከእኛ ዘንድ አለ፤ ዲዲሬስኪውንም ጨምረንበታል። ዲስክ ለመለወጥ ያሰበ ጓደኛ ሊዋሰው ይችላል። ከመካከላችሁ ባለፈው መስከረም የወሰደው ሰው ግን ሁለተኛውን ቢመልስልን ደስ ይለናል።